«ልቤ ደከመ» ያለችኝን ልጄን ለልብ ሐኪም የወሰድኩበት ሐሙስ

ስለ ራሴ ስናገር አላፍርም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ኮልፌ ውስጥ ግን «ኢንጂነር» ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። በዲግሪ አይደለም፤ በእጄ ነው። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለችው ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ የስፌት መኪና እጠግናለሁ። አርባ ስድስት ዓመት ጠግኛለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዋን መኪና ፈትቼ የገጠምኩት ለብቻዬ ነው። ስጨርስ አራት ብሎን ተርፎኝ ነበር፤ መኪናዋ ግን ሰፋች። የሠራት ፋብሪካ ብሎን አብዝቶ ነበር ብዬ ነው እስከ ዛሬ የማምነው።

እንግሊዝኛ ያወቅሁት ከመኪና መመሪያ ነው። ሕጉን፣ ጤናውን፣ ታሪኩን ደግሞ ከጋዜጣና ከሬዲዮ ለቅሜያለሁ። የሰፈር ሰው ሲታመም ከጤና ጣቢያ በፊት እኔ ጋ ይመጣል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ያ ሐሙስ ምን እንዳደረገኝ አይገባችሁም።

ሜሮን የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእኔና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሂሳብ ታስተምራለች። ይህች ልጅ በሰባት ዓመቷ የጎረቤት ልጆችን በራችን ላይ ደርድራ ማባዛት ታስተምር ነበር፤ ያልገባው ልጅ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አትፈቅድም። አእምሮዋ ስለት ነው፤ በዚህ ወደ እኔ ወጥታለች። ግን ዝንጉ ነበረች። በዓመት ሦስት ሹራብ ትጥላለች። ደብተሯን ትታ ጃንጥላዬን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ፈተና ሲመጣ የመጨረሻው ቀን ላይ ትነሣና ሁሉንም ጠራርጋ ትበልጣለች። «ሰነፍ ጎበዝ» እላት ነበር። ቀልድ መስሎኝ።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ዓመት ልጅቷ ተለወጠች። ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ፀጉሯን መሠራት ተወች፤ ሳቋም ጠፋ። እኔ መድኃኒቱን አላጣሁትም። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሺ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ እኔን እዪኝ!» አልኳት። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ጴንጤ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗን እህቶች ጠርታ አስጸለየችላት። ሜሮን አሜን ብላ፣ ሸኝታቸው፣ ተመልሳ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትንሿ ብሎን መፍቻዬ ጠፋችብኝና በየክፍሉ ስፈልግ ሜሮን ክፍል ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ከአልጋው ሥር እጄን ስሰድ አንድ ከባድ ፌስታል ያዝኩ። ሳወጣው ወረቀት ነው፤ የልጅ ጽሑፍ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቁጥር።

«ሜሮን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጆቹ ፈተና ነው» አለች ሳትዞር።

«ታርሟል?»

«አልታረመም።»

«ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ። የአራት ክፍል።»

«መቼ ነው የምታስረክቢው?»

«ያለፈው ወር።» አሁንም አልዞረችም። «ርዕሰ መምህሩ እስከ ሰኞ ሁለት ሰዓት ካላመጣሽ እንሰነባበታለን ብሎኛል። እስከ ሰኞ አላስጠብቀውም፤ ዛሬ መልቀቂያ እጽፋለሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማስተማር ለዚህች ልጅ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ያን ከተወች ሌላ ከአልጋው የሚያስነሣት ነገር አልነበራትም።

«ምን ሆነሽ ነው? ተናገሪ!»

«ነግሬሃለሁ እኮ አባዬ። ስንት ጊዜ ልንገርህ? ልቤ ነው። ልቤ አልሰበሰብ አለኝ። ልቤ ደከመ።»

ልብ! እንዴት እስከ ዛሬ ሳልይዘው ቀረሁ? ድካም፣ እንቅልፍ፣ ደረጃ ስትወጣ መቆም። የልብ ድካም በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ብድግ አልኩ።

«ልበሺ! መልቀቂያ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ልብሽ ይታያል!»

ዞር ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከዚያ ተነሥታ ለበሰች። ለምን ሳትከራከረኝ እንደሄደች በኋላ ጠይቄያት «ክርክር ጉልበት ይፈልጋል» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ልብ ለተሳፋሪው ሁሉ አስረዳሁ። አራት ክፍል እንዳለው፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ከውሃ መሳቢያ ሞተር ጋር በምን እንደሚመሳሰል። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ዞር ብላ «አባባ፣ ዶክተር ነዎት?» አለችኝ።

«በራሴ የተማርኩ ነኝ።»

«ታዲያ ልጅዎን ቤት አያክሟትም? ለታክሲ ከምታወጡ!»

ታክሲው ሳቀ። ሜሮን አልሳቀችም። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነበር።

የሄድንበት ክሊኒክ ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «ምኗን ነው የሚያማት?» ስትል ሜሮን አፏን ሳትከፍት እኔ «ልቧን!» አልኩ። ወደ ልብ ሐኪሙ መሩን። ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሜሮንን አስተኝተው ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ፤ መሣሪያው ወረቀት እየተፋ ወጣ ገባ ያለ መስመር አወጣ። ከሽቦዎቹ አንዱ ላልቷል ብዬ አስተያየት ሰጠሁ። አልላላም ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ በማዳመጫ አዳመጠ፤ የደም ግፊቷን ለካ።

«የልጅዎ ልብ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«እንደገና ይታይ።»

«ሁለቴ አይቼዋለሁ አባቴ። ልቧ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። የልብ ድካም አለባት ያለዎት ማነው?»

«ራሷ ናታ!»

ሐኪሙ ወደሷ ዞረ። ሜሮን የሸሚዟን ቁልፍ እየቆለፈች በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«እኔ የልብ ድካም አላልኩም። ልቤ ደከመ ነው ያልኩት።»

«ምን ልዩነት አለው?» አልኩ።

ሐኪሙ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ «እህቴ፣ ልቤ ስትዪ እዚህ ነው?» ብሎ ደረቱን ነካ። «ወይስ እዚህ?» ብሎ ግንባሩን ነካ።

ሜሮን ግንባሯን ይዛ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። አያችሁ፣ «ልብ በሉ» አልኳችሁ፤ ማናችሁም ደረታችሁን አልነካችሁም። «ልቡ ተከፋፈለ»፣ «ልቧ ሌላ ቦታ ነው»፣ «ልብ የለውም» ስንል ስለ ደም ሥር የሚያወራ የለም። ሰባ ዓመት የተናገርኩትን ቋንቋ ልጄ ስትናገረው ነው ያልሰማሁት። ልጅቷ በጥሩ አማርኛ ማሰብ አቃተኝ፣ ሐሳቤን መሰብሰብ አልቻልኩም እያለችኝ፣ እኔ የውሃ ሞተር ነበር የማስረዳው።

ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ ሦስተኛ ፎቅ ላከን። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ይላል። ያን ጽሑፍ ሳነብ ዞሬ ልወርድ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ሰው ያየን እንደሆነ ብዬ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየሁ። ሜሮን ግን ገፍታ ገባች፤ ተከተልኳት። ውስጥ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ሴት ተቀምጣለች።

«የኔ ልጅ፣ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«መጥቷል» አለች። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ዶክተሯ መጀመሪያ ከሜሮን ጋር ብቻዋን መነጋገር ፈልጋ ነበር። ሜሮን ግን «እሱም ይስማ፤ ቤት ሄጄ ደግሜ የማስረዳበት ጉልበት የለኝም» አለቻት።

«እሺ። አባቴ፣ እርስዎ ግን ሲጠየቁ ብቻ ነው የሚናገሩት። ይስማማሉ?»

«እኔ አዳማጭ ሰው ነኝ» አልኩ። ሜሮን ጣራውን አየች።

ዶክተሯ ስለ ልጅነቷ ጠየቀቻት። ሹራቦቹ፣ ጃንጥላው፣ የመጨረሻው ቀን ጥናት፣ ሁሉም ወጡ። ከዚያ «እስቲ የፈተና ወረቀቱን ለማረም የተቀመጥሽበትን አንድ ቀን ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ» አለቻት።

ሜሮን ጣቶቿን እያየች ጀመረች።

«የመጀመሪያውን ወረቀት አርማለሁ። ሁለተኛው ላይ የልጁ ጽሑፍ ከመስመር ወጥቷል። ይሄ ልጅ ሰሌዳው አይታየውም ማለት ነው እላለሁ። መነጽር የት በርካሽ እንደሚሠራ ስልኬ ላይ እፈልጋለሁ። ስፈልግ የጓደኛዬን መልእክት አያለሁ፤ ልመልስላት ስል ልብስ ማጠብ እንዳለብኝ ትዝ ይለኛል። ባኞውን ውሃ እሞላለሁ። ቀና ስል ሦስት ሰዓት ሄዷል፤ ወረቀቱ ሁለተኛው ላይ ነው፤ ልብሱም አልታጠበም። ይሄ ግን አዲስ አይደለም ዶክተር፤ ድሮም እንዲህ ነኝ። ድሮ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ፍርሃቱ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ፍርሃት ነበር ነዳጄ። አሁን ፍርሃቱ ይመጣል፤ ግን አያስነሣኝም። ያስተኛኛል።»

«ስትተኚስ? ጭንቅላትሽ ያርፋል?»

«አያርፍም። ይሮጣል። ድሮ ወደ አሥር ቦታ ነበር የሚሮጠው፤ አሁን ግን ከየትም ይነሣ ከየት አንድ ቦታ ነው የሚደርሰው፤ አትረቢም የሚል ቦታ። ከሰባት ዓመት በፊት ያልመለስኩት መጽሐፍ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። የጨረስኩትን ነገር ግን አንዱንም አላስታውስም። ጨርሼ የማውቅ አይመስለኝም። ደግሞ ቁጭ ብዬ ማዘን እንኳ አልችልም። ሐዘኑም ይበታተንብኛል።»

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ሞትን ታስቢያለሽ?» አለቻት ዶክተሯ፣ ውሃ ትጠጫለሽ እንደሚል ሰው በቀጥታ።

ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ዶክተሯ ሳታየኝ እጇን በትንሹ አነሣች፤ ተቀመጥኩ።

«ራሴን ላጠፋ አስቤ አላውቅም» አለች ሜሮን። «አንዳንዴ ግን እንቅልፉ ባያልቅ እላለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሜአለሁ። የፋብሪካ ስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ከሳንሱሲ ድረስ በትከሻዬ ያመጣሁበት ጊዜ አለ። የዚያን ዓረፍተ ነገር ያህል የከበደኝ የለም። ለዚህች ልጅ ነው እኮ ቀዝቃዛ ውሃ ያዘዝኩት።

ዶክተሯ ብዙ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ለሁለታችንም ተናገረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለው ትኩረትን የመቆጣጠር ችግር ኤ ዲ ኤች ዲ የሚባለው እንደሚመስላት፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን ሌላ ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። አሁን ዋናው ድባቴ ነው አለች።

«ድብርት ማለትዎ ነው?» አልኳት። እርስዎ ማለት እንደጀመርኩ ለራሴም አልታወቀኝም ነበር።

«ድባቴ።»

«ድብርትማ ምን አላት ዶክተር! ዛሬ የሰፈር ልጅ ሁሉ ታክሲ ሲዘገይ ደበረኝ ይላል፤ ኳስ ዜሮ ለዜሮ ሲያልቅ ደበረኝ ይላል…»

«ለዚህ ነዋ ሌላ ቃል የምንፈልገው። ልጅዎ ደበረኝ አላለችም። ዓመት ሙሉ ተኝታለች።»

ዶክተሯ ቀጠለች፤ ድባቴውና የትኩረት ችግሩ ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን እንደሚደብቅ፣ ሰውየው ብልህ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ሁለቱንም ስንፍና ብሎ እንደሚጠራቸው አስረዳች። ይህን ስትል አላየችኝም፤ ባለማየቷ አመሰገንኳት። ከዚያ ግን አላስቻለኝም።

«ዶክተር፣ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልናገር?»

«አንድ።»

«የስፌት መኪና ሁለት ብልሽት በአንድ ጊዜ ሲይዘው ሠሪውን ያሳብደዋል። አንድ ጊዜ መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው የላላ፣ የላይኛው ክር ማጥበቂያም የተበላሸ መኪና መጣልኝ። ቺንጊያውን ቀየርኩ፤ አሁንም ክር ይቋጥራል። ስለዚህ ቺንጊያው አልነበረም ብዬ አሮጌውን መለስኩና ማጥበቂያውን ሠራሁ። አሁንም አይሄድም። ስለዚህ እሱም አልነበረም! ሦስት ቀን አንዱን ሠርቼ ሌላውን እያበላሸሁ ስመላለስ ቆየሁ። መኪናው የተረገመ ነው ብዬ ለባለቤቱ ልመልስለት ነበር።»

«በመጨረሻስ?»

«ሁለቱንም ሠርቼ እንደተሠሩ ተውኳቸው። ሰፋ።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «በትክክል እንዲሁ ነው» አለች። «አንዱ መድኃኒት በሳምንት ለውጥ ባያሳይ አልሠራም ብላችሁ እንዳትጥሉት።»

ኮራሁ። ዛሬ ለሌሎች ቤተሰቦች ስታስረዳ የኔን ምሳሌ ነው የምትጠቀመው ብዬ አምናለሁ። ሜሮን ግን በዚህ አላለፈችኝም። «ዶክተር፣ ግቢያችን ውስጥ ስንት የተፈታ መኪና እንዳለ ጠይቂው» አለች።

«አሥራ አንድ» አልኩ።

«ስንቱን ልትገጥም ነበር?»

«ሁሉንም። በሐሳቤ ሁሉም ተገጥመዋል።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የኔ ፈጣን አእምሮ ነው። ወደ ነገሬ ልመለስ።

«መልቀቂያውን ዛሬ ልጽፍ ነበር» አለች ሜሮን።

«በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሽ ትልቅ ውሳኔ አትወስኚ። ወረቀቱን ሁለት መቶ ብለሽ አትዪው፤ አሥር አሥሩን ለይተሽ ያዢ፤ ቀሪው ከዓይንሽ ይራቅ። አጠገብሽ ደግሞ ሰው ይቀመጥ። አያግዝሽ፣ አይቆጣጠርሽ፤ የራሱን ሥራ እየሠራ ይቀመጥ ብቻ። ማን አለ?»

«እኔ!» አልኩ።

«ሳይናገሩ?» አለች ዶክተሯ።

ሜሮን ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፤ በአፍንጫ የወጣች። ለዚያች ሳቅ ስል ምላሴን ብቆርጠው አይቆጨኝም ነበር።

መቁረጥ ግን ቀላል አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ እሷ አሥር ወረቀት፣ እኔ አንድ የተበላሸ መኪና ይዘን ተቀመጥን። የቀረውን ወረቀት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ሁለት አሥር ጨረሰች። ደስታው አሸነፈኝና «አየሽ! ቀላል እኮ ነው! እንዲህ ቀላል ከሆነ ወሩን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» አልኳት።

ቀይ ብዕሯን ከደነች። ተነሥታ ክፍሏ ገብታ ተኛች። የዓርብ ሥራ በዚህ አበቃ።

አስካለ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተ ሽፈራው፣ ልጅቷ ሲሻላት እየጠበቅክ ነው እንዴ የምታሳምማት?»

«ላበረታታት ብዬ ነው።»

«አታበረታታት። ዝም በላት።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጥራት ወይስ ልተዋት እያልኩ ስቁነጠነጥ ራሷ መጣች። ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አላለችም። እጇን ዘረጋች፤ አሥር ሰጠኋት። ያን ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ቃል አልተናገርኩም። አታምኑኝም፤ ሰፈሩም አላመነም። ሁለት ደንበኞች በር ላይ መጥተው በእጄ ምልክት መለስኳቸው፤ አንደኛው «ኢንጂነር ጉሮሮውን ታሞ ነው?» ብሎ አስካለን ጠየቃት። መሐል ላይ ሜሮን ሐሳቧ ሲሄድ አያለሁ፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ይቀራል። ድሮ ብሆን «ኧረ ወረቀትሽን!» እል ነበር። አሁን መዘውሩን ቀስ ብዬ አዞራለሁ፤ ድምፁን ስትሰማ ራሷ ትመለሳለች። አንዳንዴ በደቂቃ፣ አንዳንዴ በሃያ ደቂቃ። ስትመለስ ፊቷ ላይ ያለው ድካም ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሰው ድካም ነው። ሥራው ማረሙ ብቻ አልነበረም፤ መመለሱ ነበር ትልቁ ሥራ። እዚያ ዝም ብዬ ባልቀመጥ ይህን አላይም ነበር። ማታ ላይ መቶ ሞላ።

እሑድ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችን። «ጌታ ሆይ! ሽፈራው፣ እኔ ለልጅቷ ስጸልይ መልሱ ላንተ መጣ» አለች። ሜሮን ሳቋን በወረቀት ደበቀች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛው ክፍል አለቀ፤ መቶ ሃምሳ። አራተኛውን ልሰጣት ስል እጇ አልተዘረጋም።

«አያልቅም አባዬ።»

ዝም አልኩ።

«ሃምሳ ነው የቀረው። ዛሬ አልችልም፤ ዓይኔ እያየ አላነብም። ሁሉም ካላለቀ ደግሞ ምን ዋጋ አለው? በከንቱ ነው የለፋነው። መልቀቂያውን ብጽፍ ይሻላል።»

አፌ ላይ ስንት ምክር እንደመጣ አትጠይቁኝ። የራሴን ታሪክ ብቻ ሰባት ያህል አዘጋጅቼ ነበር። ዋጥኳቸው። ከዚያ በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ለማንም ደንበኛ ብዬ የማላውቀውን አልኩ።

«እኔ አላውቅም ሜሮን። ምን ላድርግልሽ?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። የደነገጠች መሰለኝ።

«እስካሁን የታረመውን ቁጠርልኝ» አለች። «ጮክ ብለህ። ጨርሼ የማውቅ አይመስለኝም አላልኩም? እስቲ ልስማው።»

ቆጠርኩላት። አንድ ብዬ ጀምሬ፣ እያንዳንዱን ወረቀት እያነሣሁ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራሁ። መቶ ሃምሳው ላይ ስደርስ ወረቀት ስባ መጻፍ ጀምራለች። መልቀቂያ አልነበረም። ሦስት ክፍል ማጠናቀቋን፣ አራተኛውን እስከ ረቡዕ እንደምታስረክብ፣ ሕክምና እንደጀመረች የሚገልጽ ማመልከቻ ነበር።

ሰኞ ከእሷ ጋር ዓለም ባንክ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩን ላነጋግረው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከረቫቴን ሁሉ አስሬያለሁ።

«አባዬ፣ አንተ እዚህ ነህ» አለችኝ የትምህርት ቤቱ በር ላይ።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ላስረዳው…»

«ሁለት ደቂቃ አንተ ስምህን ለመናገር አትበቃህም። ቁም።»

ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ሦስት ሰዓት። እሷ አልወጣችም። ከተባረረች እስካሁን ትወጣ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሽንት ቤት ገብታ እያለቀሰች ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥበቃው ወንበር ሰጥቶኝ አልተቀመጥኩም።

አራት ሰዓት ላይ የእረፍት ደወል ተደወለና ሜሮን በትንሿ በር ወጣች። ፊቷን ሳላይ እጇን አየሁ። እስከ ክንዷ ድረስ ነጭ ነው፤ ጠመኔ ነው።

«ገብተሽ አስተማርሽ!» አልኩ።

«ሁለት ክፍለ ጊዜ። ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። እስከ ረቡዕ ግን ሰጥቶኛል።»

«ምን አልሽው?»

«እውነቱን። ድባቴ አለብኝ፣ ሐኪም እያየኝ ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«መጀመሪያ እንደ እብድ አየኝ። ከዚያ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሰባተኛ ‹ሐ› ክፍል መምህር የለም፣ ልጆቹ እየረበሹ ነው፣ ግቢ አለኝ። በቃ። አንተ ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆመህ ነው? ሂድ እንጂ!»

ረቡዕ አራተኛውን ክፍል አስረከበች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ድና አለቀች አልላችሁም። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ተቀይሮላታል። ኤ ዲ ኤች ዲውም በኋላ ተረጋግጧል። ደህና ወራት አሉ፤ አልጋው የሚስባት ሳምንትም አለ። ግን ታስተምራለች። ፈተና ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ዝም ማለትን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከተማርኳቸው ሙያዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው፤ በእሱም ከማንም አላንስም።

አሁን ለእናንተ፣ በተለይ በኔ ዕድሜ ላላችሁ። «በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ መች ነበር?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም እል ነበር። ነበረ። ታናሽ ወንድሜ ሜሮን ከመወለዷ በፊት ከኔ ጋር እዚሁ ኮልፌ ይኖር ነበር። ሥራ ይጀምራል፣ ይተዋል። ቤት ሲሠራ መሠረቱን ቆፍሮ ይጠፋል። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እኔ ምንጣፉን ከሥሩ እየጎተትኩ አስነሣው ነበር፤ በዚያም ሰፈሩን አስቅ ነበር። «እንቅልፋሙ» ነበር የምንለው፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ሰዎች እንቅልፋሙ ሞተ እያሉ ነው የመጡት። ምን ይሰማህ ነበር ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ቢነግረኝም ልክ እንደ ሜሮን አንድ ሌላ ነገር ነበር የምሰማው።

ለእሱ አልደረስኩም። ባለፈው ወር ሜሮን ስለሱ ጠየቀችኝና ከጠዋት እስከ ምሳ ነገርኳት፤ ሳላሳምር፣ ምንጣፉንም ሳልደብቅ። ስጨርስ «ስሙ ማን ነበር አባዬ?» አለችኝ። ለካ በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል አልጠራሁትም።

ጌታቸው ነበር ስሙ።